ከከተማው ዳር ያለ ሐኪም የጤና ማሻሻያው ውስጥ እንዴት እጁን ያስገባል?

ይሄን የምጽፈው አዲስ አበባ ዳር ላይ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ወይም ትንሽ ወጣ ብሎ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ላይ ለምትሠሩ ሐኪሞች ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ አጥሩን ይዞ በር ላይ የሚደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ቀድሞ ያልቃል፣ ሰዉ ዕጣው ወጥቶለት ይገባል፣ ጤና ጣቢያው መጨረሻ ይደርሳል። ከተማ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ 40 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ነው የሚታቀደው። እዚህ አካባቢ የሚሠራ ሰው ይሄን ቁጥር ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

ሪፎርም እኛ ዘንድ ሁሌም ከላይ ነው የሚመጣው። መመሪያ ይወርዳል፣ ስልጠና ይሰጣል፣ ግድግዳ ላይ ባነር ይሰቀላል። የባነሩ ቀለም ሳይለቅ ሌላ መመሪያ ይከተላል። እኛ ደግሞ ቡና ላይ ቁጭ ብለን እናማዋለን፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እናወርድበታለን። ማማቱ ልብ ያሳርፋል፣ አልቃወምም። ቃለ ጉባኤ ላይ ግን አይሰፍርም።

እኔ እንደሚገባኝ የጤና ሥርዓቱ የሚለወጠው ዕቅድና በጀት በሚጻፍበት ሰሞን ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚሰማው ከራሱ መዝገብ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ነው። ሐኪም ደግሞ ቁጥሩ በእጁ ነው፣ አይሰበስበውም እንጂ። እንዴት እንደሚሰበሰብና የት እንደሚወሰድ እንነጋገር።

ማን ምን እንደሚወስን ለዩ

ከሁሉ በፊት የትኛው ጥያቄ የማን እንደሆነ ይለይ። የደመወዝ እርከን፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የአገልግሎት ፓኬጅ ከላይ ነው የሚወሰነው። የሰው ኃይል ምደባው ጤና ቢሮና ክፍለ ከተማ ላይ ነው። ስለ ደመወዝ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጋር መጨቃጨቅ ጉሮሮ ማድረቅ ነው፣ ሰውየው ራሱ እንደናንተው ደመወዝተኛ ነው።

እናንተ ግቢ ውስጥ የሚወሰነው ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ከሚያስቡት ይበልጣል። በፊት ጤና ተቋም ከካርድና ከመድኃኒት የሰበሰበውን ብር ጠቅላላ ወደ ፋይናንስ ያስገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ጸደቀ፣ ቀስ በቀስም ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ ራሳቸው ጋ አስቀርተው እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። የውስጥ ገቢ የምንለው እሱ ነው። የሚያዝዝበት የተቋሙ ሥራ አመራር ቦርድ ነው። በቦርዱ ላይ የአስተዳደሩ፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ የፋይናንሱ፣ የኅብረተሰቡና የሠራተኛው ተወካዮች ይቀመጣሉ። መድኃኒት፣ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል)፣ የማሽን ጥገና፣ የጄነሬተር ነዳጅ ከዚህ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። የተቋማችሁ ቦርድ መቼ እንደሚሰበሰብ ታውቃላችሁ? የሠራተኛው ተወካይ ማነው? ይሄን ሳያውቁ ለዓመታት የሠሩ ሐኪሞች ሞልተዋል። ጸሐፊዋን ጠይቋት፣ በአንድ ደቂቃ ትነግራችኋለች።

ከሪፈር ወረቀት ጀምሩ

ከየት እንጀምር ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፤ ሪፈር። ለምን? ሪፈር ላይ የሥርዓቱ ቀዳዳ ሁሉ ስለሚታይ። ያለቀው ሪኤጀንት፣ የቆመው ማሽን፣ ቅዳሜ ማታ ያልነበረው ባለሙያ፣ ያልመጣው አምቡላንስ፣ ጥቁር አንበሳ በር ላይ "አልጋ የለም" የተባለችው እናት፣ ሁሉም እዚያች ወረቀት ላይ አሻራውን ይተዋል።

ወረቀቷን ደህና አድርጋችሁ እዩዋት። ከላይ የታካሚው ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ችግር፣ የተሰጠው ሕክምና አለ። ከዚያ "ሪፈር የተደረገበት ምክንያት" የሚል መስመር፤ አብዛኞቻችን እዚያ ላይ "ለተሻለ ሕክምና" ብለን እንሞነጭርና እንፈርማለን። ከታች ደግሞ ተቀባዩ ሆስፒታል ሞልቶ የሚመልሳት የግብረ መልስ ክፍል አለች። ሞልታ የተመለሰች አይታችኋል? ባዶዋን ከታካሚው ኪስ ውስጥ ታጥፋ፣ ጠርዟ ተበልቶ፣ ከወር በኋላ ለቀጠሮ ሲመጣ ነው የምታገኟት።

"ለተሻለ ሕክምና" የሚለውን አቁሙ። በእሱ ፈንታ እውነተኛውን ምክንያት ጻፉ። "የሲቢሲ (የደም ቆጠራ) ማሽን ከተበላሸ ሦስት ሳምንት" ይሁን። "ማግኒዚየም ሰልፌት አልቋል" ይሁን። "ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል" ይሁን። አንዳንድ ኃላፊ ይሄ ገመናችንን ያወጣል ብሎ ይቆጣል። ታካሚው መንገድ ላይ ሲንከራተት ገመናው አስቀድሞ ወጥቷል።

ከዚያ የሁለት ወር ሪፈር ከመዝገቡ ላይ አውጡና በምክንያት ክፈሉት። የኔ አከፋፈል እንዲህ ነው። አንደኛው በእናንተ ደረጃ ሊሰጥ የማይጠበቅ አገልግሎት ነው፣ እሱ ትክክለኛ ሪፈር ነው፣ ይለፍ። ሁለተኛው በደረጃችሁ መሰጠት ያለበት ግን መድኃኒት ወይም ሪኤጀንት ስላለቀ የላካችሁት ነው። ሦስተኛው ማሽን ተበላሽቶ። አራተኛው ባለሙያ ጠፍቶ፣ በተለይ ማታና በዓል ላይ። አምስተኛው ታካሚው ራሱ "ዶክተርዬ፣ ወደ ትልቁ ጻፉልኝ" ብሎ የለመናችሁ ነው። ይቺን አምስተኛዋን አትናቋት፣ ሰዉ በናንተ ቤት ምን ያህል እንደሚተማመን የምትነግር እሷ ናት።

በየደረጃው ምን መሰጠት እንዳለበት ለመለየት ግምት አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም. የተከለሰው መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ፓኬጅ አለ። ከ1 ሺህ በላይ አገልግሎቶችን ይዘረዝራል፣ የትኛው በጤና ኬላ፣ የትኛው በጤና ጣቢያ፣ የትኛው በሆስፒታል እንደሚሰጥ ይናገራል። ወፍራም ሰነድ ነው፣ ማንም ከዳር እስከ ዳር አያነበውም። የናንተን ደረጃ ክፍል ብቻ አውጡና ከሪፈራችሁ ጎን አስቀምጡት። "መንግሥት በዚህ ደረጃ እሰጣለሁ ያለውን አገልግሎት በዚህ ምክንያት አልሰጠንም" ብሎ መናገርና "እዚህ ቤት ምንም የለም" ብሎ ማማረር እኩል አይደመጡም። የመጀመሪያውን የሰማ ኃላፊ መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል።

ዳር ላይ ያለን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንጨምር፤ ታካሚው ከየት መጣ የሚል። አዲስ አበባን የከበበው ሸገር ከተማ በ2015 ከተመሠረተ ወዲህ አንዱ ሰፈር ከአንዱ ሰፈር በአስፋልት ብቻ ተለያይቶ ጤና ቢሮው ግን ሁለት ሆኗል። ታካሚ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም፣ ባጃጁ ቶሎ የሚያደርሰው ቦታ ይሄዳል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርዱ ግን ያውቃል። መድህኑ የሚከፍለው ውል ላሰረበት ተቋም ስለሆነ ካርድ ይዞ ከወዲያ ማዶ የመጣ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይገደዳል። መድህኑ በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር እንዲህ ያለ ሁለት ከተማ የሚገናኝበት ሰፈር ዋናው ጭንቀት አልነበረም። አሁን ነው። ስንት ሰው እንዲህ ሆኖ እንደሚመጣ የሚያውቀው የናንተ ካርድ ክፍል ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ብቻችሁን አትሥሩት

ሐኪም ሲባል አንድ አመል አለው፣ ሁሉን እኔ ልምራው ይላል። ይሄ ሥራ እንደዚያ አይሄድም። የሪፈር መዝገቡን የምትይዘው ሲስተር ናት። ማዋለጃ ክፍሉን የምታውቀው አዋላጇ ናት። መድኃኒቱ መቼ እንዳለቀ የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው፣ በየሁለት ወሩ ለመድኃኒት አቅራቢው የሚላከውን የመጠየቂያ ቅጽ የሚሞላውም እሱ ነው። ሰፈሩን ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች።

በነገራችን ላይ፣ አገሪቱ ውስጥ ከተሠሩት ትልልቅ ለውጦች አንዳንዶቹ የመጡት ሐኪም ካልሆኑ ሰዎች ነው፣ ይሄን ብናውቀው ትሕትና ይሰጠናል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም መጠበቅ ስለማያዋጣ ነበር። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሰማርቶ ሥራውን ከሆስፒታል አልጋ ወደ ሰው ቤት ወሰደው። የመድኃኒት ሽያጭና ክምችት ተመርምሮ እንዲታወቅ ያደረገው አሠራር ደግሞ የተጀመረው በ2003 አካባቢ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውስጥ በፋርማሲ ባለሙያዎች ነው። መጀመሪያ በአንድ ሆስፒታል ተሠራ፣ ውጤቱ ታየ፣ ክልሉ ደንብ አወጣለት፣ ከዚያ ወደ ሌሎችም ሄደ። ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ሪፎርም ማየት የፈለገ እሱን ይመልከት።

አንዲት ፍሪጅ

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። የአንድ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ነው፣ ስሙን እንተወው። ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ፍሪጅ አለች። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲኑ፣ እሷ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት ስላለበት። በሩ ላይ የሙቀት መከታተያ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል፣ እስክሪብቶ በጋውዝ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ወረቀቱ ላይ ጠዋት 4 ዲግሪ፣ ማታ 4 ዲግሪ፣ ጠዋት 4፣ ማታ 4 ተብሎ ተሞልቷል። ቅዳሜና እሁድም 4 ነው። መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ በዋለበት ማክሰኞም 4 ነው።

አንድ ሐኪም ይሄን አይቶ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንዱ አዋላጇን ጠርቶ መጮህ ነው። ከዚያ ነገ ወረቀቱ ላይ 5 ይጻፋል፣ አለቀ። ሌላው መጠየቅ ነው። "ሲስተር፣ ቴርሞሜትሩ ይሠራል?" "ኧረ ዶክተር፣ ከተሰበረ ቆየ።" ታዲያ ምን ትጻፍ? ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ሱፐርቪዥን ሲመጣ ነጥብ ይቀንሱባታል። እሷም ቁጥሩን ሞላች።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። የሚሠራ ቴርሞሜትር ይገኝ፣ ርካሽ ነው። መብራት የጠፋበትና የመጣበት ሰዓት ለአንድ ወር ይመዝገብ፣ ጥበቃው ጋሼ ይሄን ከማንም በተሻለ ይይዛሉ፣ ጄነሬተሩን የሚያስነሱት እሳቸው ስለሆኑ። ከወሊድ በኋላ ደም የፈሰሳቸው እናቶች ከመዝገቡ ይውጡ፣ ስንቶቹ ሪፈር እንደተባሉም ይታይ። እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ገጽ ላይ ስታስቀምጧቸው "ኦክሲቶሲናችን ከሙቀት መጠኑ ውጭ ሲያድር ከርሟል፣ ፍሪጇ የምትሠራበት አስተማማኝ የመብራት መስመር ያስፈልገናል" የሚል ጥያቄ ይወጣል። ፍሪጇን ከጄነሬተሩ ጋር የሚያገናኝ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ሊሆን ይችላል መልሱ። ብዙ ብር አይደለም። ቦርድ የሚወስነው ነው።

ደግሞ የነጥብ አሰጣጡን ጉዳይ አትተዉት። ባዶ ወረቀት የሚያስቀጣ፣ የውሸት ወረቀት የሚያስመሰግን ሱፐርቪዥን ካለ እሱም የሪፎርም ጥያቄ ነው። ለወረዳው በጽሑፍ ይነገረው።

አንዷን ገጽ እንዴት እንጽፋት

አንድ ገጽ ትሁን። ሁለት ገጽ ከሆነች ሁለተኛዋን ማንም አያነባትም። መግቢያ አታብዙ፣ "እንደሚታወቀው የጤናው ዘርፍ..." ብላችሁ ከጀመራችሁ አንባቢው እዚያው እንቅልፉ ይመጣል። በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ችግሩን በቁጥር አስቀምጡ። እንበል፣ "በኅዳርና ታኅሣሥ ከላክናቸው 60 ሪፈሮች 22ቱ በደረጃችን መታከም ሲገባቸው በሪኤጀንትና በመድኃኒት እጥረት የተላኩ ናቸው።" ቀጥሎ ይሄ ለታካሚው ምን ማለት እንደሆነ በሁለት መስመር፤ የትራንስፖርቱ ወጪ፣ የቀኑ ሥራ፣ አንዳንዴም ሕይወት። ከዚያ የምትጠይቁት ነገር፣ ዋጋው፣ ገንዘቡ ከየትኛው ርዕስ ሊወጣ እንደሚችል። መጨረሻ ላይ በሦስት ወር ውስጥ ምን እንደሚለወጥና እንዴት እንደምትለኩት።

የታካሚ ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ስልክ፣ ፎቶ አይግባ። ቁጥሩን ከተቋሙ ውጭ የምትጠቀሙበት ከሆነ ፈቃድ በደብዳቤ ያዙ። ይሄን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፣ ነገሩን ማቆም የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚይዛችሁ እዚህ ጋ ነው።

ቁጥራችሁ ከወርሃዊ ሪፖርቱ ጋር ይጣጣም። የጤና መረጃ ሪፖርት ወር ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 እንደሚቆጠር አትርሱ። እናንተ ከወሩ 1 እስከ 30 ቆጥራችሁ ከመጣችሁ፣ የመረጃ ባለሙያው "ይሄ ከኛ ጋር አይገናኝም" ይላል፣ ስብሰባው በቁጥር ክርክር ያልቃል።

መቼ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ

ሰዓቱ ግማሽ ሥራ ነው። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ዕቅዱ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው የሚበስለው። ወረዳን መሠረት ያደረገው ዓመታዊ የጤና ዕቅድ ከጥር ወዲህ መሟሟቅ ይጀምራል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቁጥሩ ይጠነክራል። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መረጃ ሰብስቡ፣ የካቲት ላይ ገጿን አስገቡ። ሰኔ ላይ "ለሚቀጥለው ዓመት ይያዝልን" ብሎ የመጣ ሐኪም የሚሰማው "ለከርሞ እናየዋለን" የሚል ነው።

ሰኔ ግን ሌላ በር አላት። ያልተሠራበት የመንግሥት በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ተመላሽ ስለሚሆን፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ ፋይናንስ ክፍሉ ሩጫ ውስጥ ይገባል። ያኔ የሚገዛው በቂ ዝግጅት ያለው ነገር ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ ማንም ያልጠየቀው የቢሮ ወንበር ሐምሌ ላይ ተደርድሮ የምናገኘው። የምትፈልጉት ዕቃ ስፔሲፊኬሽን ተጽፎ፣ የዋጋ ግምቱ ተያይዞ መሳቢያችሁ ውስጥ ቁጭ ካለ ግን ወንበሩን ትቀድማላችሁ።

ስብሰባው ላይ

ገጿ መጀመሪያ የምትቀርበው በየወሩ በሚቀመጠው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ላይ ነው። ሐኪም ብዙ ጊዜ ይሄን ስብሰባ ይሸሻል፣ "ታካሚ አለብኝ" ብሎ። እውነት ነው ታካሚ አለበት። ግን እሱ በሌለበት ነው የማዋለጃ ክፍሉ ጉዳይ የሚወሰነው። በተራ ግቡ፣ ኦፒዲውን (ተመላላሽ ክፍሉን) አንድ ሰው ይያዝ።

ከስብሰባው በፊት ሜዲካል ዳይሬክተሩን ወይም የጤና ጣቢያ ኃላፊውን ለብቻ አናግሩ። አለቃን በሰው ፊት በቁጥር ማስደንገጥ ለአንድ ቀን ያስጨበጭብ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን በሩ ይዘጋባችኋል። "አቶ እገሌ፣ ነገ ይሄን ላቀርብ ነው፣ እርስዎ አስቀድመው ይዩት" በሉ። ብዙ ጊዜ እሱም የሚያውቀው ችግር ነው፣ የሚያስጠይቅበት ወረቀት አጥቶ ነው የተቀመጠው። "ዶክተር፣ ይሄ እኮ የበጀት ጉዳይ ነው" ቢላችሁ አትናደዱ። "አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው ዋጋውን ጽፌ የመጣሁት" በሉት።

ስብሰባው ሲያልቅ ከአዳራሹ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ፤ ውሳኔው ቃለ ጉባኤ ላይ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ተብሎ መጻፉን። "ትኩረት ይሰጠው" ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተወሰነም። ከዚያ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው፣ ለሚመለከታቸው ግልባጭ ይሁን። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊው ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ኃላፊ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይነሳል።

እናት ስትሞት

ከሁሉም የሚከብደው ቦታ ይሄ ነው፣ ሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ደረጃ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት አለ፣ በኋላ የጨቅላዎችም ሞት ተጨምሮበታል። ተቋም ውስጥ እናት ከሞተች ኮሚቴ ተቀምጦ ምን እንደተፈጠረ ይመረምራል። ሦስቱን መዘግየቶች ያያል፤ ቤት ውስጥ ለመወሰን የዘገየው፣ መንገድ ላይ የዘገየው፣ ተቋሙ ውስጥ ገብታ የዘገየው። መርሁ ስም አይጠራ፣ ማንም አይወቀስ የሚል ነው።

በተግባር ግን? ብዙ ቦታ ወይ ተረኛው ላይ ይወርዱበታል፣ ወይ "ዘግይታ መጣች" ተብሎ ሁሉም ነገር ቤተሰቡ ላይ ይደፋል። ሁለቱም ምንም አይለውጡም። ኮሚቴው ውስጥ ያለ ሐኪም "ዘግይታ መጣች" የሚለው ቃል ሲነሳ "ለምን?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ጀሞ ላይ ማታ አምቡላንስ የተጠራው ስንት ሰዓት ነው፣ የመጣውስ? መጀመሪያ የትኛው ተቋም ሄደች፣ ከዚያ ማን ላካት፣ ስልክ ተደውሏል? ከዚህ የሚወጣው ምክር የሚፈጽመው ሰው ስም ያለበት ይሁን። ከወር በኋላ ያ ምክር ተፈጽሟል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የግምገማው ወረቀት ሳይሆን ይሄ ሁለተኛው ጥያቄ ነው ቤቱን የሚያስደነግጠው።

ወደ ላይ ስትወጡ

ከግቢያችሁ የሚያልፍ ነገር አለ። የሁለቱ ከተሞች የመድህን ውልና የሪፈር ትስስር ለምሳሌ ለብቻችሁ የምትፈቱት አይደለም። እዚህ ጋ ማህበር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕክምና ማህበር ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፣ የየስፔሻሊቲው ማህበራትም አሉ። ሐኪሞች በማህበር ሕግ ላይ አሻራቸውን ያሳረፉበት ጥሩ ምሳሌ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞቹ ነው። ማህበራቸው በአደገኛ ውርጃ የሚሞቱትን ሴቶች ጉዳይ በማስረጃ ይዞ ተሟገተ፣ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በዚህ ጉዳይ ላይ ከቀድሞው ላላ ብሎ ወጣ። በየሆስፒታሉ በየቀኑ ያዩትን ነው አንድ ላይ አድርገው ያቀረቡት።

በተቃራኒው ሐኪሞች ዳር ቆመው ያለፏቸው ውሳኔዎችም አሉ። በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ የመምህሩና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነገር ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ሐኪም ያስፈልግ ነበር፣ አልክድም። ዛሬ ግን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) እና ሐኪም የሚያንሰው ጤና ጣቢያ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ይሄን ማገናኘት የበጀትና የመዋቅር ጉዳይ ነው። "በዚህ መዋቅር ላይ አንድ ሐኪም ይጨመር" የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከናንተ የሪፈር ቁጥር በላይ የሚያስረዳው የለም።

መመሪያ ሲረቀቅ ጤና ሚኒስቴር የቴክኒክ ቡድን ያቋቁማል፣ ረቂቁም አዳማ ወይ ቢሾፍቱ ላይ ሆቴል ውስጥ ይታያል። እዚያ የሚጋበዘው ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ሰውና የድርጅት ሰው ነው። ውሎ አበሉን ትቼ ነው የማወራው። ከዳር ያለው ጤና ጣቢያ ድምፅ እዚያ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ ረቂቁን ከምታውቁት የማህበር አባል አስልኩት፣ የናንተን ደረጃ የሚመለከተውን ምዕራፍ ብቻ አንብቡ፣ "ይሄ አንቀጽ ማታ አንድ አዋላጅ ብቻ ባለበት ቤት አይሠራም፣ እንዲህ ቢሆን ይሠራል" ብላችሁ መልሱ። ተለዋጭ ቃል ይዞ የመጣ አስተያየት የመግባት ዕድሉ ሰፊ ነው። "ከነባራዊ ሁኔታው ጋር አይጣጣምም" ብቻ ከሆነ ምስጋና ይቀርብለትና ይታለፋል።

የደመወዙ ነገር

ሳላነሳው ባልፍ ትስቁብኛላችሁ። ሐኪም ከወር ወር መድረስ ካቃተው ስለ ሪፈር ቁጥር ማን ያስባል? ልክ ነው። የክፍያ ጥያቄ ራሱ የጤና ማሻሻያ ጥያቄ ነው። በ2017 ግንቦት ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር፣ የታሰሩም ነበሩ፣ ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። ያኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ሰፈር ውስጥ ሰዉ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሐኪሙ ለራሱ ብቻ ነው የሚጮኸው ያለ ነበር፣ "እነሱ ከሄዱ ማን ያክመናል" ያለም ነበር። ሁለተኛው ወገን የበዛው ሐኪሙ ከዚያ በፊት ስለ ታካሚው ጉዳይ ሲከራከር የታየበት ሰፈር ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ዕድሩ፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ስለ ሪኤጀንትና ስለ አምቡላንስ ስትናገሩ ሰምተው ከሆነ፣ ስለ ደሞዛችሁ ስትናገሩም ጆሯቸው ክፍት ነው።

ለሚዲያ ወይም ለማህበራዊ ገጽ ከመናገራችሁ በፊት የምትገዙበትን የሲቪል ሰርቪስ ደንብ አንብቡ። በተቋሙ ስም ለመናገር ሥልጣን የላችሁም ይሆናል፣ በማህበር ስም ግን ትችሉ ይሆናል። የታካሚ ቪዲዮ ቀርጾ መለጠፍ በምንም ሰበብ አይሆንም፣ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንኳ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ቢሉስ?

ይሉ ይሆናል። ያኔ ጥያቄውን አሳንሱት፣ አትተዉት። ሙሉ የላብራቶሪ ማሽን ካልተገኘ የአንድ ምርመራ ሪኤጀንት ጠይቁ። ቦርዱ ካልተሰበሰበ የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴው ይሰብሰብ፣ እሱ የናንተው ነው፣ የትኛው መድኃኒት ቅድሚያ ይገዛ የሚለውን የሚያየው እሱ ነው። ኅብረተሰቡ ተቋሙን ነጥብ የሚሰጥበት መድረክ ሲመጣም እንደ ተከሳሽ አትቁሙ። ዝቅ ያለ ነጥብ የተሰጠበትን ጉዳይ ያዙና "ሕዝቡም እኛም ያልነው አንድ ነው" ብላችሁ ገጿ ላይ አያይዙት። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ 590/2000ም አለ። የተቋማችሁ ዓመታዊ በጀትና አጠቃቀሙ ተደብቆ የሚቀመጥ ምስጢር አይደለም፣ በጽሑፍ ጠይቁ።

የመጨረሻው፣ ዝውውር። እናንተ ዳር ላይ ለዘላለም አትቆዩም፣ ስፔሻሊቲ ፈተና ታልፋላችሁ ወይ መሐል ከተማ ትዛወራላችሁ። የሪፈር ሠንጠረዡ፣ የደብዳቤዎቹ ቁጥርና ግልባጭ፣ የቃለ ጉባኤዎቹ ኮፒ በናንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ እንዳይቀሩ። ለሲስተሯ አንድ ፋይል፣ ለተተኪው ጂፒ አንድ ፋይል ስጡ፣ የትኛው ጥያቄ የት እንደደረሰም ከላይ በአንድ ወረቀት ጻፉበት።